ከጥዱ ላይ የወረደው ጫማ

ሳን-ፕላሲድ፣ ኩቤክ
ጃንዩዋሪ 8 ቀን 1873

ይህች ወረቀት በረዶውንም ድንበሩንም አልፋ ወንድሜ ኦርሚዳስ እጅ ትግባ። እንዴት ከርመሃል? ሚስትህ ሮዛናስ? እኛ በእመቤታችን ጸሎት ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች። ሁለቱ ልጆቼ ጉንፋን ይዟቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸው ጮኸው ቤቱን አፍርሰውታል። አባታችን የለም ብለህ የዘመን መለወጫውን ምርቃት ሳትቀበል እንዳትቀር፣ እኔ ታላቅህ በሱ ፈንታ መርቄሃለሁ። ተንበርክከህ አንብበው። ካልተንበረከክህ አይሠራም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። 

ማዦሪክ ለዘመን መለወጫ ከጫካ ወርዶ ነበር። እንደምታውቀው ከመከር ጀምሮ ላይኛው ሰፈር ጥድ ሲቆርጥ ነው የሚከርመው። ጢሙ ሙጫ በሙጫ ሆኖ፣ ሸሚዙ ጭስ ጭስ እየሸተተ ሲገባ ትንሿ ልጅ ባሌን አላወቀችውም፣ ከቀሚሴ ሥር ገብታ አለቀሰች። የአተር ሾርባውን ሳይጨርስ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ “ኤግዚልዳ፣ አለቃ ባዚል ዘንድሮ ጉሮሮው ላይ እኔን መረጠኝ” አለኝ። እንዴት ደስ ብሎት መሰለህ! ጳጳስ አድርገው የሾሙት ነው የሚመስለው።

“ለምኑ ነው የመረጠህ?” አልኩት፣ እያወቅሁት።

“ለቁልፉ ነዋ! ግንዱ ሲቆለፍ ገብቼ ቁልፉን የምነቅለው እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይችለዋል?”

ኦርሚዳስ፣ አንተም በዚያ ወንዝ ግንድ ነድተሃል፣ ላንተ ማስረዳት የለብኝም። በጸደይ ግንዱ ሁሉ ከላይ ሲወርድ፣ ወንዙ የሚጠብበት ጉሮሮው ላይ ተቆልፎ እንደ ቤት ይቆለላል። ከሥሩ ገብቶ ያንን ሁሉን የያዘውን አንዱን ግንድ በመንጠቆ የሚነቅል ሰው፣ ክምሩ ሲለቅ ለመሮጥ ያለው ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ለመድገም እንኳ አይበቃም። ክሎቪስ እዚያው አይደል የቀረው? ጫማውን እንደ ልማዱ ከጉሮሮው በላይ ካለው ጥድ ላይ ሰቀሉለት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ተንጠልጥሎ አለ። ግንድ ነጂ ሁሉ ሲያልፍ ባርኔጣውን ያወልቅለታል።

እኔ የባሌን ጫማ ጥድ ላይ ማየት አልፈልግም። ፈርቻለሁ። ልብስ ሳጥብ የውሃው ድምፅ ያስደነግጠኛል። እባክህ እዚያ የጥጥ ፋብሪካህ ውስጥ በረዶው ሳይቀልጥ ቦታ ፈልግለት። የኔን ነገር እንደሆነ በዚህ ጆሮው ሰምቶ በዚያኛው ያፈሰዋል፣ ምናልባት አንተን ቢሰማህ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ራስህ ከወንዙ ለምን እንደወጣህ አንድ ቀን ነግረኸኝ አታውቅም። በሞቴ ንገረኝ።

ታላቅህ ኤግዚልዳ


ሉዊስተን፣ ሜን
ፌብሩዋሪ 23 ቀን

ጆሮዬን እየቆነጠጠች ፊደል ላስቆጠረችኝ ለእትዬ ኤግዚልዳ፣ የኔም የሮዛናም ሰላምታ ካለሽበት ይግባ። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ፣ ባቡሩን በረዶ ይዞት ነበር አሉ። ምርቃቱን ተንበርክኬ ነው ያነበብኩት። ሮዛና አንድ ነገር የጠፋኝ መስሏት አብራኝ ወለሉን ስትፈልግ ቆየች።

እኛ ደህና ነን። የማሽኑ ጩኸት ጆሮዬን ስለወሰደው እሁድ እሁድ ቄሱን የምሰማው ከንፈራቸውን እያየሁ ነው። ጥጡም ደረት ይይዛል። ቢሆንም ማሽን ሰው አያሰጥምም። ለማዦሪክ ቦታ አለ! የክፍሉን ኃላፊ አናግሬዋለሁ። “ጠንካራ ነው?” አለኝ። “በሬ ነው” አልኩት። “በሬ ከሆነ ምግቡን እንዳይዘነጋ ይዞ ይምጣ” ብሎ ሳቀ። ከኛ በላይ ያሉት ሁለት ክፍሎችም ሊለቀቁ ነው። ልጆቹን ይዛችሁ ኑ። ለሱ የጻፍኩትን እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ አንብቢለት።

እምቢ ካለ ግን፣ ሊልም ይችላል፣ ግትርነቱን አውቀዋለሁ፣ አንድ መላ ልስጥሽ። ባለሚስማር ጫማውን ደብቂበት። ሶሉ ላይ ሚስማር የሌለውን ሰው የትኛውም አለቃ እርጥብ ግንድ ላይ አያወጣም። ጫማ ሰፊው ጋ ደግሞ በጸደይ ያለውን ወረፋ አንቺም ታውቂዋለሽ። ግንዱ ወርዶ እስኪያልቅ ቤት ቁጭ ብሎ ይጮህብሻል። ትችይዋለሽ። እኔን ስንት ዓመት የቻልሽ ሰው።

የጠየቅሽኝ ነገር፣ ምን ልበልሽ? ወንዝ ሰለቸኝ፣ እንዲያው ነው። ደግሞ ዘንድሮ የሜፕሉን ዛፍ ፈሳሽ አፍልታችሁ ስኳር ስታወጡ ትንሽ ላኪልኝ። የዚህ አገር ስኳር ጣዕም የለውም።

ወንድምሽ ኦርሚዳስ


ሳን-ፕላሲድ
ኤፕሪል 19 ቀን፣ ከፋሲካ ማግስት ሳምንት

ሰላም ላንተ ይሁን ወንድሜ፣ እኔስ ሰላሜን አጥቻለሁ።

ማዦሪክ የቆረጣው ሥራ አልቆ ለሕማማት ወረደ። ደብዳቤህን አነበብኩለት። “እኔን? መስኮት ዘግተውብኝ ክር ልቀጥል?” ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። “ወንድምሽ ጆሮው ሲደነቁር አብሮ ጭንቅላቱም ሄደ እንዴ?” ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ “ፈርቶ የወጣ ሰው እኔን አይመክረኝም” አለ። ይህን የምጽፍልህ እንድትቀየመው አይደለም፣ ሰውየው እንዴት እንደሆነ እንድታውቅልኝ ነው።

እኔም እንዳልከኝ አደረግሁ። ጫማውን፣ ያንን ቁርጭምጭሚቱ ላይ በቀይ ክር የጣፍኩለትን፣ በጆንያ ጠቅልዬ ከወለሉ ሥር ካለው የድንች ጉድጓድ ቀበርኩት። በረቱን ፈለገ፣ ቆጡን ፈለገ፣ አልጋውን አገላበጠ። “ጫማዬ የት አለ?”

“ለለማኙ ሰጠሁት” አልኩት። ያ በየዓመቱ የሚመጣው ሽማግሌ፣ እኛ ቤት አግዳሚው ላይ የሚያድረው። ለማኝ አምጪ ካለ እዚህ አገር ማን እምቢ ይላል፣ እርግማኑን ፈርተን! እና በሕማማት ዋሸሁ። ለቄሱ እንዴት ብዬ እንደምናዘዘው አላውቅም።

“ባለሚስማር ጫማ ለለማኝ?” አለኝ። “ምን ሊያደርግለት? ወንዙ ላይ ቆሞ ሊለምን?” ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። በበዓሉ ማግስት በዚያ በለስላሳው የቤት ጫማ ወደ ላይ ሄደ። እሰይ፣ ይመልሱታል ብዬ የሚወደውን ፓይ ጋገርኩ።

ትናንት ጎረቤቴ ዴልቪና መጣች። ባሏ ኦኔዚም ከማዦሪክ ጋር አንድ ጓድ ውስጥ ነው፣ ስንቅ በሚያመላልሰው ጋሪ ነጂ ቃል ልኮላት ነበር። ገና በሩ ላይ ሆና፣ “ኤግዚልዳ፣ ተቀመጪ” አለችኝ።

“ምን ሆነ? ሞተ?”

“ኧረ አልሞተም። ጥዱ ላይ ወጥቶ የክሎቪስን ጫማ አውርዶ አድርጎታል።”

ያኔ ነው የተቀመጥኩት። አንተ ሰው፣ ከዚያ ጥድ ላይ ጫማ የሚያወርድ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? ወፍ እንኳ አይሠፍርበትም! ዴልቪና አማተበች። “ባለቤቱ ይመጣበታል ይላሉ፣ ጫማዬን መልስ ብሎ” አለችኝና ያሰበችውን ስላወጣችው ራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። ልጆቹ ሰምተዋል። ትልቋ “እማማ፣ ማነው የሚመጣው?” እያለች ትጠይቀኛለች።

እኔ ነኝ ለዚህ ያደረስኩት። እኔ ባልደብቅበት ኖሮ አይነካውም ነበር። ምን ላድርግ ኦርሚዳስ? ቶሎ በል፣ ወንዙ ተከፍቷል።

ኤግዚልዳ


ሉዊስተን
ኤፕሪል 27 ቀን

እትዬ፣ ዛሬ ሰላምታ ይቅርብኝ። ያ ጫማ ይውለቅ! አሁኑኑ!

ያንን ጫማ ጥዱ ላይ የሰቀልኩት በዚህ በእጄ እኔ ነኝ። ክሎቪስ ሲቀር ከጎኑ ነበርኩ። ሁለታችን ነበርን ወደ ቁልፉ የገባነው። ክምሩ ሲንቀሳቀስ አብረን ዞረን ሮጥን። ጩኸቱን አልሰማሁም። የሰማሁት የግራ ጫማው ግንዱን ሲፍቅ ነው፣ ሸርተት፣ ከዚያ ምንም። ከታች አግኝተነው ጫማውን ሳወልቅለት አየሁት። የግራው ሚስማር አልቆ ሶሉ ልሙጥ ሆኗል። “ቅዳሜ አስመታዋለሁ” እያለ ሲያሾፍ ነበር የከረመው። ለማንም አልተናገርኩም፣ ሰቀልኩት፣ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ደረጃ ስወርድ ግራ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ለምን ወጣህ ላልሽው መልሱ ይኸው ነው። ስሙን ከጠራሁት የሚመጣ እየመሰለኝ ነው ያልነገርኩሽ።

የሙት መንፈስ ይመጣል አይመጣም፣ አላውቅም። ሚስማሩን ግን አውቀዋለሁ። ያ ጫማ ስንት ክረምት በረዶና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ከረመ። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ግራው ከመጀመሪያውም ሞቷል። የማዦሪክን ጫማ ከድንቹ ጉድጓድ አውጪና ራስሽ ይዘሽለት ውጪ። በሰው እንዳትልኪው! አልወርድም ካለ እንኳ በራሱ ሚስማር ይቁም።

መላ ብዬ ስሰጥሽ አፌን በቆረጠው። ሂጂ እትዬ።

ኦርሚዳስ


ሉዊስተን
ሜይ 20 ቀን

እትዬ፣ ደረሰሽ? ሄድሽ? አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ። ፖስታ ቤቱ ያለው ልጅ ፊቴን ሲያይ ገና ከሩቅ ራሱን ይነቀንቅልኛል። የዛፉ ስኳር ይቅርብኝ፣ መልስ ብቻ ላኪ።

ኦርሚዳስ


ሉዊስተን
ጁን 12 ቀን

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ?

ሰኞ ዕለት ከእናንተ አጎራባች ደብር የመጣ ሰው ሥራ ፍለጋ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በጉሮሮው በኩል ነው የወረደው። “ጥዱ ላይ ሁለት ጥንድ ሆነዋል” አለኝ። ምን ይመስላል አልኩት። አንደኛው ያረጀ፣ ሌላኛው ደህና፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በቀይ ክር የተጣፈ። ጥጡ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። የሰውየው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ምን እንዳለ ግን አልሰማሁም።

ጫማውን አድርሰሽለታል ማለት ነው። በራሱ ጫማ ሄደ።

ቅዳሴ አስቀድሰንለታል፣ ሮዛናም ጥቁር ለብሳለች። እኔ ነኝ የገደልኩት እትዬ። መጀመሪያ ደብቂ አልኩሽ፣ ቀጥሎ ስጪው አልኩሽ። ሁለቴ ነው የገደልኩት። መልስ ባትጽፊልኝ አልቀየምም። ክፍሎቹን ግን ይዣቸዋለሁ፣ ልጆቹን ይዘሽ ነይ።

ኦርሚዳስ


ሳን-ፕላሲድ
ጁን 24 ቀን፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ዕለት

ወንድሜ፣ ሮዛና ጥቁሩን ታውልቅ። ማዦሪክ በሕይወት አለ። ይኸው በመስኮቱ አየዋለሁ፣ አትክልቱን እየኮተኮተ ነው።

ያልጻፍኩልህ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ዛሬ ልጆቹም መንደሩም ለበዓሉ ሰልፍ ወጥተው ቤቱ ጭር ሲል ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ። እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ከሰው ፊት ግን አታንብበው።

የኤፕሪሉ ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ጉድጓዱን ቆፈርኩ። ጫማውን በማሰሪያው አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ልጆቹን ዴልቪና ጋ ተውኩ። ዴልቪና እንቁላል ቀቅላ ሰነቀችልኝና ለኦኔዚም የሠራችውን የሱፍ ካልሲ ሰጠችኝ። “እግሩ እየረጠበ ይታመምብኛል፣ በእጁ ስጪልኝ” አለችኝ። በስንቁ ጋሪ ላይ ወጣሁ። ጭቃው እስከ መንኮራኩሩ ወገብ ነበር።

ጉሮሮው ስንደርስ ፀጥ ብሏል። እኔ የውሃ ጩኸት ነበር የምፈራው፣ ፀጥታው ግን ባሰብኝ። ግንዱ ወንዙን አንቆ ይዞት ነው። ክምሩ ከኛ ቤተ ክርስቲያን ጣራ አያንስም። ዓይኔ ማዦሪክን ሲፈልግ የት አገኘሁት መሰለህ? ወጥ ቤቱ እሳት ዳር፣ ሽርጥ ታጥቆ ድንች እየላጠ!

ለካ ሰዎቹ እምቢ ብለው ነው። ጓዱ በሙሉ፣ “ከጥዱ ጫማ ጋር አንድ ግንድ ላይ አንቆምም” ብሎ መንጠቆውን ጥሎ ተቀመጠ። ለማንም ደንታ የሌለው አለቃ ባዚል እንኳ ፈራ። “አውልቀውና ወጥ ቤት ግባ” አለው። የክሎቪስ ጫማ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ሁሉም ዞሮ ነው የሚያልፈው። እኔ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ማዦሪክ በኀፍረት ጆሮው ቀልቷል። “ምን ልትሠሪ መጣሽ?” ሊለኝ አፉን ከፈተና አንገቴ ላይ ያለውን አየ።

አለቃውም አየ። “የሱ ነው? እንግዲያው ያድርገውና ይውረድ! ኦኔዚም ብቻውን አልሆነለትም።”

ኦኔዚም በማዦሪክ ቦታ ገብቶ ከታች ቁልፉ ጋ ነበር።

ማዦሪክ እጁን ዘረጋ። “አምጪ።”

ያንን ሁሉ መንገድ ልሰጠው አይደል የመጣሁት? ጫማውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ “አልሰጥም” አልኩ። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። ሳበው፣ ሳብኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። “ሴትዮዋ ራሷ አድርጋው ትግባ!” አለ አንዱ። ኦኔዚም ከታች ሆኖ ሳቁን ሰምቶ ቀና አለ። ባርኔጣውን አውልቆ አወዛወዘልኝና፣ “ያዢው ኤግዚልዳ! እንዳትለቂው!” ብሎ ጮኸ። እየቀለደ ነው።

ከዚያ ክምሩ ለቀቀ።

ባርኔጣውን አገኙት። እሱን አላገኙትም፣ ጫማውንም አላገኙም። ወንዙን በሁለቱም ዳር እስከ ታችኛው ግድብ ፈለጉ። አንዳንዱ ማዦሪክ ቢገባ ሁለቱም ይቀሩ ነበር ይላል፣ ሌላው ሁለት ቢሆኑ ኖሮ ቀድመው ነቅለው ይወጡ ነበር ይላል። እኔ ማንንም አልጠይቅም፣ መልሱን እፈራዋለሁ።

ማዦሪክ የክሎቪስን ጫማ ወደ ጥዱ መለሰው፣ ተንበርክኮም ጮክ ብሎ ይቅርታ ለመነው። ለኦኔዚም ግን የሚሰቀል የለም። “እንዲህ ባዶውን አይቀርም” አለና ወደኔ መጣ። ያኔ ለቀቅሁለት። የራሱን ሰቀለለት። ያ ፋብሪካው በር ላይ ያገኘኸው ሰው ያየው እሱን ነው። አሁን ግንድ ነጂው ሁሉ ሲያልፍ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለባሌ ጫማ ነው፣ ባሌ ግን ለስላሳውን ጫማ እንኳ እምቢ ብሎ እዚህ ባዶ እግሩን ባቄላ ሲኮተኩት ሰነበተ። 

ባለፈው እሁድ ዴልቪናን በመስኮት አየኋት፣ ወደኛ እየመጣች ነው። ዴልቪናን ፈርቼ ድንቹ ጉድጓድ ውስጥ ልደበቅ ምንም አልቀረኝም። ገባች፣ በጨርቅ የጠቀለለችውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የኦኔዚም የቤተ ክርስቲያን ጫማ ነው፣ ጥቁሩ፣ የሠርጉ።

“የሱን ለባሌ ሰጥቷል” አለች። “ባዶ እግሩን ሲሄድ ማየት አልችልም። ያድርገው።”

ማዦሪክ እኔን አየኝ። እኔም መሬቱን አየሁ። “አድርገው አልኩህ እኮ!” ብላ ተቆጣችው፣ አደረገው። በልኩ የተሠራ ይመስል ገባለት።

ስትወጣ እኔን በሩ ላይ ያዘችኝ። “ካልሲውን ሰጠሽልኝ አይደል? እግሩ ሞቆት ነበር?”

“አዎ” አልኳት። “ወዲያው ነው ያጠለቀው።”

“እሰይ” አለችና ሳመችኝ።

ካልሲው ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው ኦርሚዳስ። እስከ አሁን አለ። ላቃጥለው እፈራለሁ፣ ልቀብረውም እፈራለሁ።

ማዦሪክ ትናንት፣ “የዚያ ፋብሪካ ነገር ያው ነው?” አለኝ። አዎ አልኩት። መከር ሳይገባ እንመጣለን፣ ክፍሎቹን አትልቀቅ። ያ ጫማ ወለሉ ላይ ሲራመድ በሰማሁ ቁጥር፣ ማዦሪክ መሆኑን እያወቅሁ፣ ኦኔዚም ካልሲውን ሊጠይቀኝ የገባ እየመሰለኝ ወደ በሩ እዞራለሁ። እዚያ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ይወስዳል ብለኸኝ የለ? እሱን ነው የምመኘው።

ጣቢያ ስትቀበለን ማዦሪክን ታውቀዋለህ፣ ትንሽ ሸብቷል እንጂ ያው ነው። ሳመው፣ እንዳሻህም ቀልድበት። እግሩን ግን፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ እንዳታይ።

ታላቅህ ኤግዚልዳ